በበጋ ወደ ግቢያችን ስለሚመጡ ወፎች

መስከረም ሲጠባ በአዲስ አበባ በግቢያችን ሣር ላይ ደረቷ ቢጫ፥ ጅራቷን ዘወትር የምትነቀንቅ ትንሽ ወፍ ትታያለች። የኤውሮፓን ወይም የእስያን ብርድ ሸሽታ በረሃና ባሕር ተሻግራ የመጣች እንግዳ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ትመለሳለች።

የአበባ ማር የምትመጠው ያገራችን ወፍ ግን ዓመቱን ሁሉ ከእኛ ጋራ ናት፤ የራስ ክምርና የሬት አበባ እጅግ ትወዳለች። እኔም ባለማወቄ አምና ራስ ክምሩን እንደ አረም ቈጥሬ አስነቀልሁትና በስፍራው የውጭ አገር ጽጌረዳ አስተከልሁ። ጽጌረዳው አማረ፤ ወፊቱ ግን ቀረች። ባለቤቴ በመስኮት አጠገብ ሆና እርስዋን እያየች ትፈትል ነበርና ወቀሳዋ እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ዘንድሮ ከእንጦጦ ግርጌ ዘሩን አስመጥቼ በአጥሩ ሥር ዘራሁ። ወፎች ፍሬዋን የሚለቅሙላትን አሮጌ ወይራም ማንም እንዳይነካት አዘዝሁ። ራስ ክምሩ በቅሏል፤ ገና አላበበም።