ስሙ አንድ፣ ጣዕሙ ብዙ፤ ሻርዶኔ የሚገዛ ነጋዴ ምን ይጠይቅ?

ነጭ ወይን ጠጅ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ነገር ሁለት ነው፤ ቀለሙና ዋጋው። ጠርሙሱ ላይ «ሻርዶኔ» ተብሎ ከተጻፈማ ሻጩም ገዢውም ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። ስሙ የሚናገረው ፍሬውን እንጂ ጣዕሙን አይደለም። ይህን ያልለየ ነጋዴ ደንበኛውን የሚያጣው በሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ነው።

ሻርዶኔ አገሩ የፈረንሳይዋ ቡርጎኝ ናት። የትውልዱ ነገር ብዙ ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት ቁርጡን ተናገረ። አንደኛው ወላጁ ዝነኛው ፒኖ ነው። ሌላው ግን ጉዌ ብላን የሚባል፣ መኳንንቱ የናቁት የገበሬ ወይን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ዓለም የሚሻማበት ስም ከተናቀ ዘር ተወለደ ማለት ነው።

ፍሬው በራሱ ጎልቶ የሚወጣ መዓዛ የለውም። ጣዕሙን የሚሰጡት አየሩ፣ አፈሩና ጠማቂው ናቸው። ብርድ በሚበዛባት ሻብሊ የበቀለው አረንጓዴ ፖምና ሎሚ ሲል፣ ሞቃት አገር የበሰለው ወደ አናናስና ማንጎ ያደላል። በኦክ እንጨት በርሜል ያደረ ከሆነ የቫኒላና የተጠበሰ ዳቦ ሽታ ይጨምራል። የሚቆረጥመው አሲድ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ወተት አሲድ ሲለወጥ ደግሞ ቅቤ ቅቤ የሚል ጣዕም ይመጣል።

የስም ነገር ገበያውን ሲያነሣና ሲጥል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ ዳኞች ስሙን ሳያዩ ቀምሰው ለካሊፎርኒያው ሻቶ ሞንቴሌና ሻርዶኔ አንደኝነቱን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሻርዶኔ ተካይ ሆነ። በ1990ዎቹ እንጨት እንጨት የሚለው ምርት ሲበዛ ግን ጠጪው ሰለቸው፤ «ከሻርዶኔ በቀር ማንኛውንም» የሚል ፈሊጥ እስከ መውጣት ደረሰ። ጥፋቱ ግን የፍሬው ሳይሆን የአሠራሩ ነበር።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ገበያ ሩቅ አይደለም። ካስቴል ዝዋይ ላይ ያለማው የወይን እርሻ ከሜርሎ፣ ከሲራህና ከካበርኔ ሶቪኞን ጋር ሻርዶኔም ይዟል። የእርሻው ወይን ጠጅ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በመሆኑ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የፍሬውን አሲድ ይጠብቃል። እንግዲህ ከውጭ የሚመጣውና የአገር ውስጡ አንድ መደርደሪያ ላይ ሲገናኙ ገዢው ልዩነታቸውን የሚሰማው ከማን ነው? ከሻጩ ነው።

የማዕዱም ነገር እንዲሁ ነው። በርሜል ያልነካው ሻርዶኔ ሎሚ ለተጨመቀበት የዓሣ ጥብስ ይስማማል። በርሜል ያደረው ለዶሮ አልጫ ወይም ክሬም ለገባበት ፓስታ ይሆናል። በርበሬው ከበረታ ወጥ ጋር ማቅረብ ግን ሁለቱንም ማበላሸት ነው፤ በርበሬ የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሳልና።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚቃጠለው በአያያዝ ነው። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረ ነጭ ወይን ጠጅ መዓዛው ይጠፋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ቀላሉ ከ8 እስከ 10፣ በርሜል ያደረው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ይቅረብ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 5 ብርጭቆዎች ይወጣዋል። ተከፍቶ በማቀዝቀዣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካልተሸጠ ትርፉ የሚፈሰው በመታጠቢያው ቧንቧ ነው።

ስለዚህ አስመጪውም የሆቴሉ ግዢ ክፍልም ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ያንሣ። የት በቀለ? በርሜል ነክቶታል ወይ? የስንት ዓመት ምርት ነው? መልሱን የያዘ አስተናጋጅ ጠርሙሱን ይሸጣል፤ ያልያዘው ደግሞ ስሙን ብቻ ይሸጣል። ስም ደግሞ የሚሸጠው አንዴ ነው።