ለልጅ መንጠቆ ስንሰጥ

በእሑድ ቀን በባሕር ዳር ከተማ በጣና ዳርቻ የሚዘዋወር ሰው ሁለት ዓይነት ልጆችን ያያል። አንደኛው ሸምበቆ ቈርጦ፤ ሲባጎ አስሮ፤ መንጠቆውን በትል ሸፍኖ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ነው። ሁለተኛው የእሑድ ልብሱን ለብሶ፤ በአባቱ እጅ ተይዞ፤ ከሩቅ ቆሞ የሚመለከተው ነው። ይህ ሁለተኛው ልጅ «አባባ፤ እኔም ልሞክር?» ብሎ ሲለምን «ተው፤ ልብስህ ይቈሽሻል፤ አንተ ትምህርትህን ተማር» ይባላል።

እኔ በበኩሌ ይህ መልስ ስሕተት ነው እላለሁ።

አባትዬው እንዲህ ያለበት ምክንያት አይጠፋንም። ዓሣ ማጥመድ በአገራችን ለብዙ ዘመን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ሲቈጠር ኖሯል። ከደንገል ታንኳ እየሠራ በጣና ላይ ሲኖር የቈየው የወይጦ ማኅበረሰብ በሥራውና በሚበላው ምግብ የተነሣ በጎረቤቶቹ ዘንድ ምን ያህል ሲናቅ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ዛሬ ያንን ንቀት በአፉ የሚናገር የተማረ ሰው እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን «አንተ ትምህርትህን ተማር» በሚለው ቃል ውስጥ የቀድሞው ንቀት ተሸሽጎ ይገኛል። ዓሣው ተጠብሶ ወደ ተማረው ሰው ቤት ይገባል፤ ስለ ዓሣው ያለው ዕውቀት ግን ከሐይቁ ዳር ይቀራል።

ይህ ነገር የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ያ በእጁ ተይዞ የሚመለከተው ልጅ ነገ ተምሮ ሹም ይሆናል። ስለ ሐይቁ ደንብ የሚያረቅቀው፤ ፈቃድ የሚሰጠው፤ በደብዳቤ ላይ የሚፈርመው እርሱ ነው። ታዲያ አንድ ጊዜ እንኳ ዓሣ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ምን እንደሚያጠፋ በምን ይረዳዋል?

በጣና ውስጥ በአካባቢው ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩ ከዐሥራ አምስት የማያንሱ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በክረምት፤ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፤ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ወቅት በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ያጠምዳል። ከ1983 ዓ.ም. ግድም አንሥቶ በነበሩት ዐሥር ዓመታት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ሊቃውንት አጥንተው ደርሰውበታል። ከዚያ በኋላ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። ይሁን እንጂ አዋጁ ከወጣም በኋላ ጠባቡ መረብ ከሐይቁ አልጠፋም። እንግዲህ የጐደለን የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ሕጉ ስለ ምን እንደ ተጻፈ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ልጁ ይሞክር። ነገር ግን መንጠቆ ከመስጠት በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። መጀመሪያ ስለሚያጠምደው ዓሣ ይወቅ። የቆሮሶ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለሉን ቈፍሮ ጎጆ ያዘጋጃል፤ እናቲቱም እንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትይዘዋለች፤ ልጆቿም ተፈልፍለው ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ በአፏ ውስጥ ትጠብቃቸዋለች። ይህን የሰማ የስድስት ዓመት ልጅ ዓሣን እንደ ድንጋይ አይመለከትም።

ሁለተኛም ትንሹን ዓሣ መመለስ ይማር። እጁን በውኃ አርጥቦ፤ መንጠቆውን በቀስታ ነቅሎ፤ ወደ ውኃው ይልቀቀው። ትልቁን ያስቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ሲታረድና ሲጸዳ አይቶ፤ አጥንቱን እየለየ ይብላው። «ዓሣን መብላት በብልሃት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ነፍስ ማጥፋትን ለልጅ ማስተማር ነውን? የሚል ሰው ቢኖር፤ ዓሣውን በሳህን ላይ ሲያገኘው ማን እንደ ገደለው ሳይጠይቅ ከሚበላ ልጅ ይልቅ ይህኛው የተሻለ ተምሯል እላለሁ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በሐይቁ ዳርቻ ብልሃርዝያ ስላለ ልጁ በባዶ እግሩ ውኃ ውስጥ አይግባ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አይጠፋም። ወላጁም ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ከማንበብ ይልቅ እጁ ልጁን ሊይዝ ከሚችልበት ቅርበት አይራቅ። ትዕግሥቱ ባለቀ ጊዜም ወደ ቤቱ ይመልሰው እንጂ አያስገድደው።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለ። በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለ ተውነው ስለ መጀመሪያው ልጅስ ምን እንላለን? እርሱ የሚያጠምደው ለእራቱ ነው። ለተራበ ልጅ «ትንሹን ዓሣ መልስ» ብሎ መስበክ ለጠገበ ሰው ይቀልላል። እርሱን ልናስተምረው ሳይሆን ከእርሱ ልንማር ይገባናል። ዓሣው በስንት ሰዓት እንደሚነክስ፤ ነፋሱ ሲዞር ወዴት እንደሚሸሽ፤ ትሉ ከወዴት እንደሚቈፈር ከአባትዬው ይልቅ እርሱ ያውቃል። የሐይቁ ዓሣ ያለቀ ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ ጦሙን የሚያድረውም እርሱ ነው።

እናንተ ተማሪዎች፤ እናንተም በቅርቡ ሥራ የጀመራችሁ ወጣት ሹማምንት፤ በእሑድ ቀን ልጃችሁን ወይም ታናሽ ወንድማችሁንና እኅታችሁን ይዛችሁ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ ከሩቅ አትቁሙ። ወደዚያ ልጅ ቀርባችሁ «ወንድሜ፤ እባክህ አሳየን» በሉት። ልብሱ ቢቈሽሽ ሰኞ ይታጠባል።