አንድምታ የሌለው ትምህርት

ስለ ትምህርት በሚጽፉ ምሁራን ዘንድ እንደ ጸና ቀኖና የተያዘ አንድ ክስ አለ፤ ይኸውም የዛሬው ተማሪ ትምህርቱን ሳያስተውል መሸምደዱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወረሰው ደዌ ነው የሚል ነው። ይህ ክስ ከባሕር ማዶም አጋዥ አላጣም፤ አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ከመረመረ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ የቅኔን ልማድ ጥቅም ፈጽሞ ባይክድም፣ ሁለት ትርጉም ያዘለ ኅብረ ቃልን የሚወድ አእምሮ ዘመናዊ ሥልጣኔ ከሚሻው ግልጽና ቀጥተኛ አነጋገር ጋር እንደማይስማማ ጽፏል። እኔ ግን መንዝን፣ ግሼንና መርሐ ቤቴን ምስክር አድርጌ፣ ፍርዱ ተገልብጦ የተሰጠ ነው እላለሁ።

በእነዚህ ብርዳማ ደጋዎች ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ሕፃን፣ ፊደል ቆጥሮ መልእክተ ዮሐንስን ሲያነብና ዳዊት ሲደግም፣ የግእዙ ምሥጢር እንደማይገባው አልክድም፤ ነገር ግን ከሳሾቹ ደጁን አይተው የተመለሱበት ቤት ውስጥ አለው። የገፋበት ተማሪ ዓባይን ተሻግሮ በጎንጅ ወይም በዋሸራ፣ ወይም ወደ ሰሜን ወጥቶ በዋድላ ጉባኤ ሲቀመጥ፣ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ሆኖበት፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ዕለት ዕለት ያልተባለ ነገር እንዲያመጣ ይገደዳል። ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ሲያልፍ፣ መምህሩ የግእዙን ንባብ አሰምቶ፣ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ሰጥቶ፣ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትርጓሜ ከነታሪኩና ከነሐተታው ያወርድለታል፤ አንድምታ የሚባለውም ይህ ነው፤ ተማሪውም ትርጓሜዎቹን ሁሉ ከነምክንያታቸው ተሸክሞ መልሶ ያስረዳል። ግእዝ ለልጁ ባዕድ ልሳን ሆኖ ሳለ፣ ሊቃውንቱ በእናቱ ቋንቋ የሚፈቱበትን ሥርዓት ሠርተው አቆዩለት። ከግሼ ማዶ በወሎም የዐረብኛው ኪታብ ለደረሳው በአማርኛ እየተፈታ ሲሰጥ ኖሯል። በመርሐ ቤቴ ተወልደው በዚህ በአገር ቤት ትምህርት ያደጉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከመሆንና በ1924 ዓ.ም. ስለ ጃፓን መጽሐፍ ከመጻፍ ያገዳቸው የቅኔ ልማድ አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት የተሠራው በብዙ እጅ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡ ቅብጦች አስተማሩ፤ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ነገሠ፤ ከነጻነት በኋላ እንግሊዞች፣ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ምሥራቅ ጀርመኖች ተከታተሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቅንነት ደከሙ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያላስተማረውን ሳይንስም አመጡ፤ ጉባኤው ከሞላ ጎደል ዘግቶባት ለነበረችው ሴት ልጅም በሩ የተከፈተው በአዲሱ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን ውለታ የሚክድ ሰው አይደለሁም። ነቀፌታዬ ግእዙን በእንግሊዝኛ ተክተን አንድምታውን ከደጅ በማስቀረታችን ላይ ነው። ጃፓኖችም በመጀመሪያ የውጭ አገር መምህራንን አምጥተው በባዕድ ልሳን ተምረዋል፤ ነገር ግን አንድ ትውልድ ሳያልፍ በራሳቸው መምህራንና በራሳቸው ቋንቋ ተክተዋቸዋል።

ዛሬ በመንዝ መሐል ሜዳ ወይም በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው ልጅ የሥነ ሕይወቱን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ይቀበላል፤ የሚፈታለት ሥርዓት ስለሌለው ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈለትን ማስታወሻ ከመሸምደድ በቀር ምን ምርጫ አለው? በፈተናውም ቀን ስለ አንድ ነገር ምክንያት እንዲሰጥ የሚጠይቀው የለም፤ ከአራት መልስ አንዱን መርጦ ያመለክታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የሰሜኑ ጦርነት በዚያ ዓመት እስከ መንዝ መድረሱን አልዘነጋም፤ በ2015 ዓ.ም. የተገኘው ግን 3.2 ከመቶ ነው። የውድቀቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ሆኖም ያልተፈታለትን ንባብ የተሸከመ ልጅ ሲወድቅ፣ ጥፋቱን መፍታትን ሥራዬ ብሎ በያዘው ጉባኤ ላይ መጫን ግፍ ነው።

አንድምታ የቤተ ክርስቲያን ሀብት ስለሆነ ለመንግሥት ትምህርት ቤት አይገባም የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ የምለምነው ግን ሃይማኖቱን ሳይሆን የማስተማር ሥርዓቱን ነው። የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩዎቹን ከማስመረቁ በፊት በአንድ የትርጓሜ ጉባኤ አስቀምጦ የመምህሩን አካሄድ ያሳያቸው፤ ትምህርት ሚኒስቴርም የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ለአማራው በአማርኛ፣ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ለትግራዩ በትግርኛ፣ ለሌላውም በየልሳኑ የተዘጋጀ ትርጓሜ ከጎኑ ያሳትም፤ ፈተናውም ተማሪው ያነበበውን በገዛ ቃሉ ፈትቶ ምክንያቱን የሚጽፍበት ክፍል ይጨመርበት።