ለጥቂት የታለፉ የጣና አደጋዎች ይመዝገቡ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስንጓዝ፣ ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ ድንገት ከፊታችን ብቅ ቢል፣ ቀዛፊው ይጮኻል፣ ነጂው መሪውን ያዞራል፣ እኛም «ተመስገን» ብለን ወደ ወጋችን እንመለሳለን። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን የት ቦታና በምን ያህል ርቀት እንደ ተላለፍን የሚጽፍ የለም፤ በማግስቱ ሌላ ጀልባ በዚያው መስመር ያልፋል።

ትላልቅ የባሕር መርከቦች ኤ.አይ.ኤስ. በተባለ መሣሪያ ቦታቸውን፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን በየጥቂት ሰከንዱ በሬዲዮ ያሰራጫሉ። የጉዞ መቅረጫቸውም የራዳሩን ምስልና በመሪው ክፍል የተነገረውን ያስቀራል። ሶፍትዌሩ እነዚህን በአንድ ሰዓት ቆጣሪ አስተካክሎ ጉዞውን በካርታ ላይ እንደገና ያስኬደዋል። በጥር 2004 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ተጋጭታ 32 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ኃይሏን ያጣችው መርከብ በነፋስ ተገፍታ ወደ ደሴቲቱ እንዴት እንደ ተመለሰች የታየው በዚህ መንገድ ነው።

ከፕሮግራሙ ጀርባ ያለው ፊዚክስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው አንጻራዊ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሄድ ጀልባና በሰከንድ 1 ሜትር የሚቀዘፍ ታንኳ ፊት ለፊት ሲመጡ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰከንዱ 6 ሜትር ያጥራል። በ60 ሜትር ርቀት ከተያዩ የቀራቸው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ነጂው ከጓደኛው ጋር ሲያወራ 3 ሰከንድ ቢዘገይ 18 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከሁለቱ መስመሮች ተነሥቶ ጀልባዎቹ እጅግ የተቀራረቡበትን ነጥብ ያሰላል። አንድ ነጥብ ብዙም አይናገርም፤ ብዙ ነጥቦች በአንድ ቦታ ሲከማቹ ግን የዚያን ቦታ ጠባይ ያሳያሉ።

ለጣና ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የእጅ ስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. ጥቂት ሜትሮች ቢሳሳትም የጀልባን መስመር ለመያዝ ይበቃል። እውነተኛው ችግር ታንኳው ነው። ደንገል ለራዳር የሚመልሰው ምልክት ደካማ ነው፤ ቀዛፊውም ቦታውን የሚያሰራጭ መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛውን መስመር የምናገኘው ከሰው አንደበት ነው።

ነጂ ደግሞ ሥራውን አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ከሆነ አይናገርም፤ አንፈርድበትም። በአሜሪካ ናሳ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የአብራሪዎችን መሰል ሪፖርት የተናጋሪውን ማንነት ሰውሮ ይቀበላል። እኛም ሪፖርቱ ለቅጣት እንዳይውል አስቀድመን ካልተስማማን ሶፍትዌሩ ባዶ ካርታ ነው የሚያሳየን። ስለዚህ ሥራው ከኮምፒዩተር ክፍል ሳይሆን ከጀልባ ነጂዎችና ከታንኳ ቀዛፊዎች ጋር በወደቡ ላይ ተቀምጦ ከመነጋገር ይጀመር እንላለን። ለሙከራም የዘጌ መስመር ይበቃል።