የተማሪ ምስጢርና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት
ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት በአገሩ የልቡን ጭንቀት የሚነግረው ለንስሓ አባቱ ነው፤ ምስጢሩ እንደማይወጣ ያምናልና። በግቢ ውስጥ ይህን አደራ የሚቀበለው የምክር አገልግሎት ባለሙያው ነው። ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳብ ተማሪ ግን ይህን በር ማንኳኳት ይፈራል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ስሜትን አይደለም፤ በአንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢርን ማውጣት ያስቀጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 16 የማንኛውንም ሰው የአካል ደኅንነት ይጠብቃል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ሕጉን ሳይተላለፍ የአማካሪን ምስጢር ጠባቂነት በመመሪያ ሊደነግግ፣ ድብደባንና «አጋልጥሃለሁ» እያሉ ገንዘብ መቀበልን በዲሲፕሊን ሊቀጣ ይችላል፤ ይገባዋልም። አለዚያ ተማሪው ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ምስጢሩ በተሰማበት መንደርም መግቢያ ሊያጣ ይችላል።