የአውሮፓ ኅብረት የተመራማሪዎች ቪዛና የኢትዮጵያውያን ምሁራን ምልልስ

በጤናም ሆነ በግብርና፣ በቅርስ ጥናትም ሆነ በአየር ንብረት ዘርፍ የሚካሄድ ምርምር በአንድ አገር ድንበር ተወስኖ የሚጠናቀቅበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ናሙናው በአንድ አገር ይሰበሰባል፤ በሌላው ቤተ ሙከራ ይመረመራል፤ ውጤቱም በሦስተኛው አገር በሚካሄድ ጉባኤ ቀርቦ ይተቻል። ሥራው እንዲህ ድንበር ቢሻገርም ሠሪው ግን ፓስፖርቱን ይዞ በቆንስላ ደጅ መቆሙ አልቀረም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ችግር ለማቃለል ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ያወጣቸው ሕጎች ለኢትዮጵያውያን ምሁራን ያስገኙትንና የነፈጉትን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ኅብረቱ ወደዚህ ሥራ የገባው ለራሱ ጥቅም ሲል እንደነበር አይዘነጋም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 በባርሴሎና የተሰበሰቡት የአባል አገሮች መሪዎች ለምርምርና ልማት የሚውለው ገንዘብ ከአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት 3 በመቶ እንዲደርስ ግብ አስቀመጡ። ለዚሁ ግብ መሳካት እስከ 2010 ድረስ 700 ሺህ ተመራማሪዎች እንደሚያስፈልጉ ተገመተ። ይህን ያህል የሰው ኃይል ለማግኘት ከታሰቡት መንገዶች አንዱ ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጡ ተመራማሪዎች በሩን መክፈት ነበር። በዚህም መሠረት በተለምዶ "የሳይንስ ቪዛ" የተባለው መመሪያ ጥቅምት 12 ቀን 2005 ጸደቀ።

የመመሪያው ትልቁ ቁም ነገር ስለ ተመራማሪው የሚመሰክረውን አካል መለወጡ ነው። የአመልካቹን የትምህርት ደረጃ፣ የምርምሩን ዓላማና የገንዘቡን ምንጭ የሚያጣራው፣ በመንግሥት ዕውቅና ያገኘው የምርምር ተቋም ራሱ ሆነ። ተቋሙ ከተመራማሪው ጋር የማስተናገድ ስምምነት ይፈራረማል፤ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናትም ይህን ስምምነት ይዘው የመኖሪያ ፈቃዱን ይወስናሉ። የፀጥታ ጉዳይ በመንግሥት እጅ እንዳለ ይቆያል። ስለ ሥነ ሕይወት ምርምር ጥራት ሊፈርድ የሚገባው የሥነ ሕይወት ባለሙያ መሆኑ የማያከራክር ነው። ይሁን እንጂ ተቋሙ የሚፈርመው እንደ ዋስ ጭምር ነው። ተመራማሪው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ቢቀር፣ ስምምነቱ ካበቃ በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚደርሰውን የመቆያና የመመለሻ ወጪ እንዲተካ አባል አገሮች ሊያስገድዱት ይችላሉ።

ግንቦት 11 ቀን 2016 የወጣው ሌላ መመሪያ የቀድሞውን ተክቶ አሠራሩን ይበልጥ አስፍቶታል። ዴንማርክና አየርላንድ ያልተካፈሉበት ይኸው መመሪያ፣ ማመልከቻው ተሟልቶ ከቀረበ በ90 ቀናት፣ ተቋሙ ዕውቅና ያለው ከሆነ ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዛል። ተመራማሪው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ መሄድ ይችላል፤ የትዳር ጓደኛውም በመርህ ደረጃ የመሥራት መብት አለው። በአንድ አባል አገር ፈቃድ ያገኘ ሰው ወደ ሌላው ተሻግሮ በ360 ቀናት ውስጥ እስከ 180 ቀናት ምርምሩን ሊያካሂድ ይፈቀድለታል። ምርምሩን ሲያጠናቅቅም ሥራ እየፈለገ ቢያንስ ዘጠኝ ወር እንዲቆይ መብት ተሰጥቶታል።

በእርግጥ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ሰነዱ ተሟልቶ ከገባ በኋላ ነው። ቀጠሮ ለማግኘትና ዲግሪን ለማረጋገጥ የሚጠፋው ጊዜ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ቢሆንም ለሁለት ዓመት ምርምር ለተመረጠ ኢትዮጵያዊ መንገዱ ከቀድሞው ይልቅ የተጠረገ መሆኑ አይካድም።

ለአንድ ሳምንት ጉባኤ ወይም ለአንድ ወር የቤተ ሙከራ ሥራ የሚሄደው ምሁር ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ የሚጠይቀው የአጭር ጊዜ የሼንገን ቪዛ ሲሆን፣ ይህም በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ለተመራማሪዎች የአጭር ጊዜ ቪዛ አሰጣጥ እንዲቀልል በ2005 የወጣው ሰነድ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ስለነበር አባል አገሮችን የማስገደድ ኃይል አልነበረውም። ለሳይንሳዊ ሥራ ከሚጓዙ ተመራማሪዎች የቪዛ ክፍያ እንዳይጠየቅ የኅብረቱ የቪዛ ሕግ ይደነግጋል። የሚያሳዝነው ግን የሚጎዳው ከክፍያው ይልቅ ጊዜው መሆኑ ነው።

የኅብረቱ ምክር ቤት ሚያዝያ 29 ቀን 2024 ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ መደበኛ የማጣሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት እንዲራዘም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥና ሰነዶችን በማቅለል የሚደረገው አስተያየት እንዲቀር አድርጓል። ለውሳኔው የተሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ በአውሮፓ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ ያለው ትብብር በቂ አይደለም የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ መንግሥታት መነጋገራቸው ተገቢ ነው። በጎንደር ወይም በጅማ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ከአውሮፓ ባልደረቦቹ ጋር በጋራ የሚሠራው መምህር ግን ከጉዳዩ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ሁለቱ ሕጎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። የ2005 መመሪያ በመግቢያው አሠራሩ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች የምሁራን ፍልሰትን እንዳያበረታታ ያሳስባል። በተግባር ሲታይ ግን ቤተሰቡን ይዞ ለዓመታት የሚሄደው ሰው የተመቻቸ ሥርዓት ሲጠብቀው፣ በማስተማር ሥራው ላይ ሆኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ሄዶ መመለስ የሚፈልገው ሰው በየጉዞው እንደ አዲስ ያመለክታል። ሕጉ ሳያስበው ምሁሩን "ከምትመላለስ ጠቅልለህ ና" የሚለው ይመስላል።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። የ2024 ውሳኔ የመዘዋወር መብት ያላቸውን የኅብረቱ ዜጎች ቤተሰብ አባላት አይመለከትም። ዕውቅና ካለው የምርምር ተቋም ግብዣ ለያዘ ተመራማሪም ተመሳሳይ ልዩነት ማድረግ ለአሠራሩ እንግዳ አይሆንም፤ የተቋሙን ፊርማ ለሁለት ዓመት ያመነ መንግሥት ለሁለት ሳምንት የማያምንበት ምክንያት አይታይም። እስከዚያው የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ሊገባ እንደሚችል አውቀው የመምህራኖቻቸውን ጉዞ በዓመታዊ ዕቅዳቸው ቢያካትቱ ይጠቀማሉ። በአንጻሩ ጥናታዊ ጽሑፍ መቀበላቸውን ጉባኤው ወር ሲቀረው የሚያስታውቁ የአውሮፓ አዘጋጆች፣ 45 ቀናት የሚጠብቅ እንግዳ እንዳላቸው ሊያስቡበት ይገባል።