ሁለት ዝርዝር፣ አንድ ሰው

«አለሁ እኮ፣ ዋላል! ይኸው ፊትህ ቆሜ!»

ይህን ያሉኝ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ እናት ናቸው። ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ቢሮ በኮንትራት የዳታ ሥራ እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ከቀብሪበያህ በሚኒባስ ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። እኔ «ኤዶ፣ ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን መታወቂያ ፈትተው ያሳዩኛል። መታወቂያው ላይ ያለው ስምና እኔ ስክሪን ላይ የምፈልገው ስም አንድ ነው፤ ግን ደግሞ አንድ አይደለም።

ሥራዬ ሁለት ዝርዝር ማመሳከር ነበር። አንዱ ከወረዳ የመጣ የተረጂዎች ስም፣ ሌላው ክፍያ ከሚፈጽመው ድርጅት የመጣ። ሁለቱም ኤክሴል። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ከፍቼ፣ በማውዝ እየወረድኩ፣ ያገኘሁትን ቢጫ እቀባለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ልክ ስጨርስ አዲስ ዝርዝር መጣና «እንደገና ጀምር» ተባልኩ። እኚያ እናት ሁለቱም ዝርዝር ላይ ነበሩ። አንዱ ላይ ስማቸው በሐ ይጀምራል፣ ሌላው ላይ በሀ። እኔ ደክሞኝ አለፍኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግን የእኔ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ማለት የምፈልገው ነገር አጭር ነው። ዝርዝር ማመሳከር የሰው ዓይን ሥራ መሆን የለበትም። በትዕዛዝ ተጽፎ፣ በየሌሊቱ በራሱ የሚሮጥ የኮምፒውተር ሥራ መሆን አለበት። ልዩነቱን ማሽን ያግኝ፤ ውሳኔውን ሰው ይስጥ። አሁን የምናደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ ልዩነቱን በዓይናችን እንፈልጋለን፣ ከዚያ «ሲስተሙ አላወጣዎትም» ብለን ውሳኔውን ማሽኑ ላይ እንለጥፋለን።

ነገሩ የትም ቦታ ያስቸግራል፤ እኛ ጋ ግን ይብሳል። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በዚያ አጻጻፍ የጉሮሮዋ «ሐ» በኤክስ፣ «ዐ» ደግሞ በሲ ፊደል ነው የምትወከለው። ስለዚህ አንድ ሐሰን በሶማልኛ ሲጻፍ በኤክስ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ በኤች፣ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ሐሰን፣ ሀሰን ወይም ሃሰን ይሆናል። ለእኔና ለእናንተ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ ልክ እንደ ለ እና መ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በዩኒኮድ የራሳቸው ቁጥር አላቸው።

የትውልድ ዘመን ጨምሩበት። አንዱ ጸሐፊ በእኛ አቆጣጠር 1990 ብሎ ይሞላል፣ ሌላው በፈረንጅ 1998። ልክ ናቸው ሁለቱም፤ ማሽኑ ግን ሁለት ሰው ነው የሚያየው። ላዩ ላይ ደግሞ ናናይስ አለ፤ ሶማሌ ዘንድ ሰው በቅጽል ስሙ ከመዝገብ ስሙ ይበልጥ የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ አውበሬ፣ ወደ ሽንሌ ብትሄዱ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ማግኘት አይከብድም። ከሦስቱም የተረሳ ሰው ማግኘትም እንደዚያው።

እና መፍትሔው ምንድነው? ያንን ጥቁር ስክሪን ታውቁታላችሁ፤ ፊልም ላይ ሃከሮች አረንጓዴ ጽሑፍ የሚያዘንቡበት። ስሙ ኮማንድ ላይን ነው፣ ምትሃት የለውም። በማውዝ ከመጫን ይልቅ የምትፈልጉትን ትጽፋላችሁ፣ በቃ። እዚያ ውስጥ «ዲፍ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ ነው የተሠራችው፤ ከብዙዎቻችን ወላጆች ጋር እኩያ ናት። ሁለት የጽሑፍ ፋይል ስትሰጧት የሚለያዩትን መስመሮች ብቻ አውጥታ ታሳያለች። መስመር በመስመር ስለምታይ መጀመሪያ ሁለቱን ዝርዝሮች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መደርደር አለባችሁ።

እኔን የማረከኝ ግን ስትጨርስ የምትተወው ቁጥር ነው። ልዩነት ከሌለ 0። ልዩነት ካለ 1። ማወዳደሩ ራሱ ካልተሳካ፣ ለምሳሌ ፋይሉ ከጠፋ፣ 2። ይቺን ሦስተኛዋን ልብ በሉ። እኛ ቢሮ «ምንም ችግር አልተገኘም» ሲባል ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «ማንም አላየውም» ነበር። ዝም ማለትና እኩል መሆን አንድ አይደሉም። ጥሩ መሣሪያ ሁለቱን ለይቶ ይነግራችኋል።

ዝርዝሩ ዳታቤዝ ውስጥ ከሆነም የራሱ መሣሪያ አለው። ኪሳችሁ ያለው ስልክ፣ አንድሮይድም ይሁን አይፎን፣ ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ ይጠቀማል። የኤስኪውላይት ሠሪዎች «ኤስኪውኤል-ዲፍ» የሚባል የኮማንድ ላይን መሣሪያ አላቸው። ሁለት ዳታቤዝ ትሰጡታላችሁ፤ አንደኛው ሁለተኛውን እንዲመስል ምን መጨመር፣ ምን መቀነስ፣ ምን መቀየር እንዳለበት ይጽፍላችኋል። ማጠቃለያ ብቻ ከፈለጋችሁ በየሠንጠረዡ ስንት ረድፍ እንደተለየ በቁጥር ያወጣል። ይጽፋል እንጂ አያደርገውም፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ «ክሮን» አለ፤ በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚቀሰቅስ ዘበኛ በሉት። «በየሌሊቱ ይህን ትዕዛዝ አሂድ፣ ውጤቱን እዚህ ፋይል ጻፍ» ትሉታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ክሮን የእኛን ሰዓት አቆጣጠር አያውቅም። ሌሊት 8 ሰዓት ለማለት 8 ብትጽፉ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ቢሮው በሰው ሲሞላ ማለት ነው። ከራሴ የተማርኩት ነው፣ አትሳቁ።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ፣ አንድ ቃል ልጣል፤ ማርጂናል ኮስት። በዓይን ሳመሳክር ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ትዕዛዙን ለመጻፍ ደግሞ ለጀማሪ አንድ ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፤ ሁለተኛው ዙር ግን ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ በዓይን የሚሠራ ቢሮ በዓመት አንዴ ያመሳክራል፤ በትዕዛዝ የሚሠራ በየቀኑ። በዓመት አንዴ የሚያመሳክር ቢሮ ስህተቱን የሚያውቀው ሰዎች ሲራቡ፣ ወይም ብሩ ከወጣ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ተጠያቂነት ነው። እኔ ቢጫ ስቀባ ምን ዓይነት ደንብ እንደተጠቀምኩ ማንም አያውቅም፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ከጠዋቱ የተለየ ደንብ ነበረኝ። ትዕዛዝ ግን የተጻፈ ነገር ነው። «ለምን ወጡ?» ተብሎ ሲጠየቅ ይነበባል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሮጣል።

አሁን ከባዱ ክፍል ላይ ደረስን። ማሽኑ የቱን ከየቱ ጋር ያጣምር? ኤስኪውኤል-ዲፍ እንዲሁ ከተተወ በአብዛኛው የሚያጣምረው በረድፍ ቁጥር ነው። ዝርዝሩ በሌላ ቅደም ተከተል እንደገና ከተጫነ 5ኛው ረድፍ ላይ የነበረው ሰው 6ኛ ላይ ይሆንና ሁሉም ሰው የተቀየረ ይመስላል። ስለዚህ «በረድፍ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ አጣምር» ብላችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ያ መለያ ከየት ይምጣ? ስም እንደማይሆን አይተናል። ለዚህ ነው ፋይዳ የሚጠቅመው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከጸደቀ ወዲህ በጣት አሻራ፣ በዓይን አይሪስና በፊት ምስል የተለየ ሰው 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ያገኛል። ቁጥር ሐ እና ሀ የለውም።

ፋይዳ የሌለውስ? እሱም ሰው ነው። ለእሱ የስሙን ቅጂ አዘጋጅታችሁ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ትቀይራላችሁ፤ ለማወዳደሪያ ብቻ። የመዝገብ ስሙን አትነኩም፣ ስሙ የእሱ ነው። ከስልክ ቁጥር፣ ከአባትና ከአያት ስም ጋር ታጣምራላችሁ። ተዛማጅ ካልተገኘ ውጤቱ «የለም» አይደለም፤ «ሰው ደውሎ ይጠይቅ» ነው።

ይህ ሁሉ የቢሮ ወሬ ከመሰላችሁ ሁለት ነገር አስታውሱ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ አወጡ። ብዙ ተማሪዎችም ነበሩበት፤ ከእናንተ መካከል ያን ሌሊት ቴሌግራም ላይ ያልነበረ አለ? ባንኩ ወደ 801 ሚሊዮን ብር መወሰዱን ተናገረ፤ ያልመለሱትንም በስም አወጣ። ስሙ ሊወጣ የቻለው የሂሳቡ መዝገብና የወጣው ብር ሊመሳከሩ ስለቻሉ ነው። ብር ጋ ሲሆን ማመሳከር ይቻላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ለእኛ አካባቢ ይቀርባል። ሰኔ 2015 ላይ ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም በማለት በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ዓመታት የዘለቀው ድርቅ ሶማሌ ክልልን ገና አልለቀቀውም ነበር። ስደተኞችም አልቀሩም፤ ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር ያሉት መጠለያዎች ከጅግጅጋ ሩቅ አይደሉም። እርዳታው እንደገና የተጀመረው ከወራት በኋላ ነው፤ የተረጂዎችን ዝርዝር እንደገና ማጥራት ደግሞ ከማስተካከያዎቹ አንዱ ነበር። ዝርዝር መታመን ሲያቅተው የሚቀጣው ሌባው ብቻ አይደለም። ሰልፍ ላይ የቆመውም ጭምር ነው።

የሚቃወመኝ ወዳጅ አለኝ። «ማሽን ከሰጠኸው ሰውን በፍጥነት ነው የሚቆርጠው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ኢኮኖሚስቶች ሁለት ስህተት ይለያሉ፤ የማይገባውን ማካተትና የሚገባውን ማግለል። ቢሮዎች የመጀመሪያውን ይፈራሉ፣ ምክንያቱም ኦዲተር ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቀው ከቀብሪበያህ በሚኒባስ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው። ቅድም «ይጽፋል እንጂ አያደርገውም» ያልኩት ለዚህ ነው። መሣሪያው የልዩነቱን ዝርዝር ያውጣ፤ መሰረዝ ግን በሰው ፊርማ ብቻ ይሁን። የጸዳውን ሦስት ሳምንት ደግሞ ለመደወያ እንጠቀምበት። ዳታ ጸሐፊውን ሥራ አያስፈታውም፤ ከማውዝ ወደ ስልክ ያዛውረዋል።

ሌላም አለ፤ እነዚህ ዝርዝሮች በቴሌግራም መላላክ ይቁም። ስም፣ ስልክ፣ ቤተሰብ ቁጥር ያለበት ፋይል በየግሩፑ ሲዞር አይቻለሁ። አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ሥራው ዳታው ባለበት ኮምፒውተር ላይ ከሮጠ፣ መላክ ያለበት «12 ልዩነት ተገኝቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሄዳል።

እናንተስ? ላፕቶፕ የለኝም አትበሉኝ። አንድሮይድ ላይ ተርሙክስ የሚባለውን አፕ ጫኑ፤ ጥቁሩ ስክሪን ስልካችሁ ላይ ይመጣል። ሁለት አጭር የስም ዝርዝር ጻፉ፤ አንዱ ላይ ሐሰን፣ ሌላው ላይ ሀሰን አድርጉ። በዲፍ አወዳድሩና የሚሆነውን እዩ። የእቁብ ዝርዝር ይሁን፣ የሱቃችሁ የቴሌብርና የኢብር ገቢ ከደብተሩ ጋር ይሁን፣ ከዚያ መጀመር ይቻላል። ቢሮ የምትሠሩ ደግሞ አለቃችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። መቼ ነው መጨረሻ ያመሳከርነው? በምን መለያ? ልዩነት የወጣበትን ሰው ማን ይደውልለታል?

እኚያ እናት በመጨረሻ ስማቸው ተገኘ። ያገኘሁት በብልሃት አይደለም፤ ፊደሏን በእጄ ቀይሬ ስፈልግ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መርቀውኝ ሄዱ። እኔን ግን የሚያሳስበኝ አራተኛ ጊዜ ለመምጣት የሚኒባስ ገንዘብ ያልነበረው ሰው ነው። እሱ መጥቶ «አለሁ እኮ» አላለኝም። ምናልባት እስከ ዛሬ ነጭ እንደሆነ የቀረ አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጧል።